የወንድሜ ስም ከማን ጋር ይጠራ?

ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ወረታ

ወንድሜ አስማረ፣ ውኃ ፎገራን በዋጠበት ክረምት ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ እነሆ ስድስት ዓመቱ። ከገዳሪፍ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ አየሁት የሚል ሰው ጠፋ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታችን እኛ ቤት መጥተው እናቴን፣ «በጸሎት ጊዜ ስሙን ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?» አሏት።

እናቴ አላለቀሰችም። «አባቴ፣ ለመንገደኛ የሚጸለይ የለም እንዴ? ከመንገደኞቹ ጋር ይጥሩልኝ፤ ልጄ ገና መንገድ ላይ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «ይሁን» አሉ።

እኔ ግን አምና ለፍል ውኃው ወንዛዬ በወረድሁ ጊዜ፣ እርሜን ላውጣ ብዬ፣ ከእናቴ ተደብቄ የክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር እንዲያነሡት ለአንድ ቄስ ሰጥቻለሁ። አሁን ሄጄ ምን ብዬ ላስመልሰው?