«ፊትዎን ያስተካክሉ» ስላለኝ ታብሌት የመጀመሪያ አስተያየቴ

ለተከበሩ የሕፃናት መዋያችን ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት ቢሮ፣ ከነምንጣፉ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ቢሆን የጨረስኩት በእርስዎ በር ላይ ቆሜ ስለሆነ ለሥልጣኔ የተከፈለ ነው ብዬ ተጽናንቻለሁ። ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ መልክዎንም ባለበት ያጽናልን፤ መልኩ ያልታወቀለት ሰው በእርስዎ ግቢ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁና።

«ስለ አዲሱ ታብሌት የመጀመሪያ አስተያየታችሁን በግልጽ ላኩልን» የሚለውን ማስታወቂያዎን በሩ ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁት እነሆ ታዝዣለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና አቤቱታን በቁጥር ካላስቀመጥኩ እጄ አይፈታልኝም፤ ይታገሡኝ።

1ኛ/ ስለ መልኩ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ያምራል። ስስ ነው፤ ጥቁር ነው፤ እንዳይሰረቅም ግድግዳው ላይ በብረት ታስሯል። ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ላይ የተለጠፈበት ላስቲክ እስካሁን አልተላጠም። ላስቲኩ አየር ቋጥሮ አረፋ አረፋ ሠርቷል፤ ጥጉ ላይ ተገልብጦ አቧራ ይዟል፤ ካሜራውንም እንደ ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ለምን እንደማይላጥ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ እንግዶች መጥተው እስኪመርቁት ድረስ አዲስነቱ እንዳይነካ የእርስዎ ጥብቅ ትእዛዝ መሆኑን በኩራት ነገረኝ። ወይ ጉድ! ሶፋው እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ጠቅልሎ እንግዳውን በርጩማ ላይ የሚያስቀምጥ ዘመድ አለኝ፤ ዓይኑን ሸፍኖ ሰው ለይልኝ የሚል መሥሪያ ቤት ግን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አስተያየት ጠየቁኝ፤ አስተያየቴም ይላጥ የሚል ነው።

2ኛ/ ስለ ጠባዩ። ልጄ የከሰዓት ፈረቃ ስለምትሠራ የልጅ ልጄን ሚጡን ከመዋያው የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ታዝላ ትወጣ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ። ባለፈው ሰኞ እንደ ልማዴ ብመጣ፣ ከእንግዲህ በሩ የሚከፈተው ታብሌቱ በፎቶ የተመዘገበውን የተረካቢ ፊት ሲያውቀው ብቻ እንደሆነ ተነገረኝና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። እሱም ጨዋ በሆነች ሴት ድምፅ «ፊትዎን ያስተካክሉ» አለኝ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ ፊትዎን ያስተካክሉ። መነጽሬን አወለቅኩ፤ ፊትዎን ያስተካክሉ። ፈገግ አልኩ፣ ኮስተር አልኩ፣ በመጨረሻም በመሐረቤ ጠረግኩት። ክቡርነትዎ፣ ይህንን ፊት እናቴ ወዳ ስማዋለች፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ዕድሜ ልኳን ችላዋለች፤ አሁን በስተርጅና ወዴት ወስጄ ላስተካክለው? ወጣቶቹ ወላጆች በስንት ልምምጥ አለፉ፤ የእኔ መጨማደድና የላስቲኩ አረፋ ተደምሮ ግን አልሆነለትም። ቀይ መብራቱን አበራና «ከሕፃኗ ጋር ዝምድና የለዎትም» ብሎ ፈረደ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው! ስንት ዳኛ ሲፈርድ ጽፌያለሁ፤ ምስክር ሳይጠራ በዚህ ፍጥነት የፈረደ ግን አላጋጠመኝም።

3ኛ/ ስለ ዘበኛዎ። ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው፤ የተዋሰኝ መሰላል እስካሁን እሱ ቤት ነው፤ ሚጡ በተወለደች ዕለትም እንኳን ማርያም ማረቻት ሊል ከሚስቱ ጋር ቤቴ መጥቷል። «እኔማ አውቅዎታለሁ አባባ፣ እሱ ካላወቀዎት ግን እኔ ማን ነኝ?» አለኝ። አልቀየምኩትም፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል ኖሯል፤ እርስዎ ግን የሚያውቀንን ሰው አፉን አዘግተው የማያውቀንን ዕቃ አናገሩት፤ ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

4ኛ/ ይህኛው ቁጥር ላይ ቀልዴ አልቋልና እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። የመዋያው በር መስታወት ነው። ሚጡ ቦርሳዋን አዝላ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እጇን አውለበለበችልኝ። ያቺ ጨዋ ሴትዮ ዝምድና የለዎትም ስትል ግን እጇ ወረደ። ጓደኞቿ አንድ በአንድ እየተጠሩ ወጡ፤ እሷ ቀረች፤ አንዴ እኔን አንዴ ቀዩን መብራት ታያለች። ሽንት ቤት ልሂድ ለማለት አፍራ ሱሪዋን አረጠበች። እኔ ከወዲህ መስታወቱን በመዳፌ ከመደብደብ በቀር ምንም ላደርግላት አልቻልኩም፤ አለቀስኩም፣ ይኸው ተናገርኩ። በኋላ በሩ ተከፈተና ወጣች፤ እንዴት እንደተከፈተ ከፊርማዬ በታች እነግርዎታለሁ። መንገዱን ሁሉ ግን እጄን አልያዘችም። ትንሽ ራቅ ብላ ሄደች፤ ከማታውቁት ሰው ጋር አትሂዱ ብላችሁ አስተምራችኋታልና፣ ጎበዝ ተማሪ ናት።

5ኛውን ቁጥር ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ፤ ስድብ ስለሆነ።

እንግዲህ አዲስነቱ ሳይነካ ለእንግዶችዎ እንዲቆይ የአንዲት ሕፃን እምነት መነካቱን እንደ አነስተኛ ወጪ እንደሚቆጥሩት ባለመጠራጠር፣ የቆመ ጉልበቴንና ያልተስተካከለ ፊቴን ከእግርዎ ሥር እያኖርኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ታብሌትዎ የማያውቀኝ፣
የሚጡ አያት (የይግባኝ መብቴ እንደተጠበቀ)

የረሳሁት፦ በሩ የተከፈተው በእርስዎ ነው። ከታብሌቱ ትይዩ ክራቫት አድርገው የተነሡት ያ ትልቁ ፎቶግራፍዎ ተሰቅሏል። ንዴቴ ሲጠና ከሚስማሩ አውርጄ «ታዲያ የማንን ፊት ነው የምትወደው? ይህንን?» ብዬ ዕቃው ፊት ደቀንኩት። ለካስ ከቢሮዎ የተላከለት ይኸው ፎቶ ኖሯል፤ ላስቲኩም ሳያግደው አረንጓዴ አበራ፣ «እንኳን ደህና መጡ ክቡር ዳይሬክተር፣ ሁሉንም ሕፃናት መረከብ ይችላሉ» አለ፣ በሩም ወለል አለ። ዘበኛውም ለፎቶው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ይህንኑ ፎቶ በቀን መቁጠሪያ ላይ አሳትመው ለሰፈሩ ሁሉ ስላደሉት፣ የልጆቻችንን በር ቁልፍ ግድግዳው ላይ ያልሰቀለ ሱቅ የለም።

ይህ ሁሉ ይቅር። ሚጡ ቤት እንደገባን ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያዎን ሽቅብ አየችና «እውነተኛው አያቴ እሱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ነገ ከሰዓት ይምጡና እሷ እያየች ላስቲኩን በእጅዎ ላጥ አድርገው፣ «ዕቃው ተሳስቶ ነው፣ አያትሽ እኚህ ናቸው» ይበሉልኝ። ካልመጡ ግን አያትነቱን ከነሸክሙ ይረከቡኝ፤ ጠዋት ጠዋት አንዱን ካልሲዋን ትደብቃለች፣ ጠጉሯ ሲበጠር ታለቅሳለች፣ ሳትታዘል ደረጃ አትወርድም። ጉልበትዎ ደህና ነው አይደል?