ከሰርግ የተመለሰው ኮት

ውድ አባቴ፣

ብርዱን ሸሽተው ወደ ኮምቦልቻ ከወረዱ ወዲህ በደሴው ሱቃችን ላይ የደረሰውን ከባድ ነገር በጥልቅ ሐዘን አስታውቅዎታለሁ፤ ጥቁሩ ኮት ዛሬም ተመለሰ።

ሦስተኛ ሰርጉ ነው። እርስዎ «የገዛ ሰው ኺያር፣ የመመለስ መብት፣ አለው፤ ያልወደደ በሦስት ቀን ይመልስ» ብለው ደነገጉ። ይኸው የአገሩ ሙሽራ ሁሉ ሐሙስ ይወዳል፣ እሑድ ይጠላል። ደንበኛችን አረጋሽ እንኳ ሦስት ቀን የዘነበበትን ጃንጥላ እያንጠባጠበች «መልኩ አልጣመኝም» ስትለኝ ችያታለሁ።

ዛሬ ኮቱን የመለሰው የገራዶው ሙሽራ እንድሪስ ግን ባሰ።

«እትዬ ከሪማ፣ ወላሂ ጠበበኝ።»

«በሰርግህ ማግስት?»

«ድግሱ ነዋ! ሥጋው አወፈረኝ!»

ኪሱን ብፈትሽ ሒና የነካው የሙሽሪት መሐረብ ወጣ። ደም ፍላቴ ተነሣ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ በቅሎ አያውቅም!» ብዬ ጮኽኩ፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ በላቸውንም አስጠራሁ። እሱም ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «የሕዝብን ሱቅ የሚያደማ አድኃሪ ሙሽራ! ወደ እስር ቤት!» አለ።

እንድሪስ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ገና ጫጉላ ላይ ነኝ እኮ። ምን ብዬ ልንገራት?»

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታችን እማማ የኔነሽ ገቡ። ነገሩን ብነግራቸው በሩን ተደግፈው ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! አባትሽ እናትሽን ያገባበትን ኮት ለዓረቡ ነጋዴ ማን የመለሰለት መሰለሽ? እኔ ነኝ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ! አባትሽማ አፍሮ ከጓሮ ተደብቋል። ዓረቡ ላብ የነካውን ኮሌታ አየ፣ እኔን አየ፣ ‹ኺያር ነው› ብሎ ተቀበለኝ። አባትሽ ሱቅ ሲከፍት ሕጉን ያወጣው ለዚያ ውለታ ነው።»

አባቴ! እርስዎ! ለጁምዓ ሲወጡ ጀለቢያዎ አቧራ እንዳይነካው እንደ ድመት የሚራመዱት! ጓድ በላቸውም ብዕሩን እንዳነሣ ቀርቶ፣ «ታዲያ የትኛውን ሙሽራ ልሰር?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩት።

እንድሪስ ወደ ሙሽሪቱ በሩጫ ሄደ። እኔም ኮቱን ለአራተኛው ሰርግ ሰቀልኩት። ሕግዎ እንደጸና ይኖራል፤ ከእንግዲህ ግን ሙሽሮች የኮሌታውን ላብ አጥበው ይመልሳሉ። ይህችን ጭማሪ እንዳይከለክሉኝ። አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ።

ልጅዎ ከሪማ

እርማት፦ ከላይ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ በቅሎ አያውቅም» ተብሎ የተገለጸው ያለ በቂ ማጣራት ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ «እኔ ራሴ የዓይን አውጣ ፍሬ ነኝ» ተብሎ ይነበብ።