በባዶ ጀርባዬ አዘልኩህ

ውድ ወንድሜ፣

የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ወገብ ዳነ! ይህን ሳልነግርህ ሰላምታ እንኳ አልጀምርም። ባሏም ልብስ ከማጠብ ተገላገለ፤ ልጇም በሰላም ወልዳ አያት አደረገቻት። አንተስ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ ጨጓራህ ተወህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የሷ ወገብ ምን ላይ እንደጣለኝ ስማ። ሐኪሙ ሰውነትሽን አፍታቺ ቢላት፣ ብቻዬን አፍራለሁ ብላ እኔንም ጎትታ አዳራሽ ውስጥ ወደሚሰጥ ስልጠና ወሰደችኝ። ለካ ስፖርት ብቻ አይደለም! ክዋኔ ጥበብ ይሉታል። ቲያትር እንዳልለው ንግግር የለው፣ ጭፈራ እንዳልለው ዘፈን የለው። መጀመሪያ ሰውነትን ያደክሙታል፣ ከዚያ ምናብ ይጨምሩበታል። ወለሉ ላይ ተንፏቀቅን፣ በአንድ እግር ቆምን፣ ከግድግዳ ግድግዳ በኤሊ እርምጃ ሄድን። ጉልበቴ ቋ ባለ ቁጥር ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ልብስ ሰፊዋ ድና ቀረች፤ እኔ ግን በዚያው ተለክፌ ቀረሁ።

ልጄ በስልጠናው ማብቂያ ትርኢት መድረክ ልወጣ መሆኔን ስትሰማ ፊቷን አጠቆረችብኝ። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰው ፊት ልትንፏቀቂ? እኔ አልመጣም!» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እሷ ካላየችኝ ደግሞ አገር ቢያየኝ ምን ያደርግልኛል?

አሰልጣኙም አስጨነቀኝ። ዘወትር «ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ ቀስ በሉ ሆኖ ቀርቷል። በትርኢቱ እያንዳንዳችን የማይታይ ሸክም ይዘን መድረኩን እናቋርጣለን። እኔ የዱቄት ከረጢት ነው ብዬ ጎበጥኩ፣ አቃሰትኩ። «እትዬ፣ ማቃሰትሽን ሰማሁ፤ ሸክሙን ግን አላየሁም። ካላየሁት አትወጪም» አለኝ። ከፍቶኝ ዓይኔን ጨፈንኩና አንተን አዘልኩህ፤ ያኔ በልጅነትህ እናታችን ሥራ ስትውል አዝልህ እንደነበረው። ትንፋሽህ ማጅራቴን አሞቀው። ጉልበቴ ሳላዘው ሸብረክ አለ፣ እጄም ወደ ኋላ ሄዶ ደገፈህ። ቀስ በሉ ጠጋ ብሎ «ማነው?» አለኝ። «ወንድሜ ነው፤ አሁንማ ቦርጩ ቀድሞት በር ይገባል» ስለው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወጣሁልህ! አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በልቤ እሹሩሩ እያልኩ አቋረጥኩ። ሲያጨበጭቡ፣ ልጁን እንዳትቀሰቅሱት ብዬ ልቆጣቸው ምንም አልቀረኝም።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿን አገላብጠህ ሳምልኝ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ ሰው አልተለየውም። ልብስ ሰፊዋ መጥታ «አንቺ፣ የኔ ወገብ አርቲስት አደረገሽ!» ብላ አቀፈችኝ። የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪም በር ላይ ቆሞ «ምንም ነገር ሳይኖር ምኑ ነው ያስለቀሰኝ?» ብሎኝ ሄደ። አሁን ይህን ስጽፍልህ ደግሞ ልጄ ገባች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ኮስተር ብላ «እማዬ፣ ትናንት ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ ሳይሽ ነበር» አለችኝ፤ «የልጁ አንድ እግር ወጥቶ በብርድ ሲንጠለጠል፣ ምነው አልሸፈንሽለትም?»