የማማ ካማው ዱቄት

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ጸዲ፣

አንቺ፣ ካማውና ትንሹ ሲራክ እንዴት ናችሁ? እኔ እግሬን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ሕፃኑ ጥርስ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ናይሮቢ የሚመላለሰው ጎረቤታችን፣ ሾፌሩ በኃይሉ ያደርስልኛል።

አማትሽ ማማ ካማው አራስ ልትጠይቅሽ የመጣች ዕለት ባዶ እጇን አልመጣችም። ዋሽቼሻለሁ።

አንቺና ሲራክ እንቅልፍ ወስዷችሁ ነበር። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከገጠር በአውቶቡስ ስትንገላታ ውላ፣ ራሷ ያስፈጨችውን የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ተሸክማለች። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ፈገግ አለችልኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ አራስ የሚጠየቀው ዳቦ ወይም የሕፃን ልብስ ተይዞ ነው፤ የበቆሎ ዱቄትና ዘይት የሚታደለው ለተቸገረ ነው። ‘ልጄን የምትበላው ያጣች አደረገቻት’ አልኩ በልቤ። ደግሞ ቂም ነበረኝ። ልትወልጂ ስትይ ናይሮቢ የመጣሁ ሰሞን ቤቷ ጋብዛን፣ እንደ ወጋችን አንዴ ‘በቃኝ’ ብላት ሳህኑን አንስታ ሄደች። ‘በሞቴ’ እስክትለኝ ስጠብቅ ጦሜን አደርኩ። እዚያ ‘በቃኝ’ ያለ ሰው በቅቶት እንደሆነ የነገርሽኝ በኋላ ነው።

ልሸኛት ስወጣ ያመጣችውን ሁሉ አንጠልጥዬ፣ ዓይኗ እያየ ለግቢው ዘበኛ ሰጠሁት። መግባቢያ ቋንቋ የለን፣ ምን ትበለኝ? በሁለት እጇ ጨብጣኝ ሄደች። ለልጇ ለካማው እንኳ አልተናገረችም።

አንቺ እንደነቃሽ ‘ማማ ምን ይዛ መጣች?’ አልሽኝ። እሷን ማማ ስትያት ደስ አይለኝም ነበር። ‘ባዶ እጇን’ አልኩሽ። ፊትሽ ሲጠቁር እያየሁም ውሸቴን አላረምኩም።

ባለፈው ሳምንት በኃይሉ ስለዚያ አገር ሲያወራኝ፣ “እትዬ፣ እነሱ እኮ ዘመድ ቤት ሲሄዱ ዱቄትና ስኳር ይዘው ነው። ቤታችሁ ይሙላ ማለታቸው ነው። ባዶ እጁን የሄደ ንቆናል ይባላል” አለኝ። በማግስቱ አንቺ ደግሞ በስልክ፣ “ባዶ እጇን የመጣች አማት ሲራክን አታቅፍም፤ ለሠራተኛ ትቼው ሥራ እጀምራለሁ” አልሽኝ። ስድስት ወር ሙሉ የልጅ ልጇን የከለከልኳት እኔ ነኝ ጸዲ። አንቺንም ያለ ረዳት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።

ይህን እንዳነበብሽ ሲራክን አዝለሽ ሂጂላት። ለካማውም አንድ ሳታስቀሪ ንገሪው፤ ከእንግዲህ በምን ዓይኑ ያየኛል ብዬ ብፈራም ንገሪው። ከፈቀደችልኝ መጥቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

እኔ ጋ ከዚያ በኋላ ደውዪ። ከብዶሽ ባትደውዪም አልቀየምም፤ ስልኬን ግን ከእጄ አላወጣም።

አቦ ይጠብቁሽ። ልጅሽ በሁለት አያት ጉልበት ላይ ይደግ።

እናትሽ ጸሐይወርቅ