ጦሙን ያላደረ መሬት

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ አባባም ደህና ናቸው። እኔ ግን ተናድጃለሁና ነገር አላሳምርም።

«መሬቱ ጦሙን ከሚያድር ለመጋዘን ይሁን» ብለህ ደላላ ትልካለህ? ማን ነው ጦሙን አደረ ያለህ? ባቄላ ተዘርቶበታል። እንዲያውም አባባ በሳምንቱ እዚያው ላይ ደግመው ዘርተውበታል። ከበዛ አሳሳዋለሁ፤ ምን ችግር አለው?

ደላላህ ሜትሩን ይዞ፣ ቡቃያውን በጫማው እየደፈጠጠ ገባ። ከጓዳ ስወጣ አባባ አቅፈውት «መጣህልኝ ልጄ!» እያሉ ይስሙታል። እሱም ዝም ብሎ ይሳማል፤ አያፍርም! ከዚያ ድንበሩን እየዞሩ አሳዩት፤ ላለው ሁሉ «እሺ ልጄ» አሉት። እኔን ደግሞ «ሽማግሌው ተስማምተዋል» አይለኝም? ዶማ ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ዓይናቸው ደክሞ ነው እንጂ አንተና እሱ በምን ትመሳሰላላችሁ?

ቤት ውስጥ ጓዳውና መኝታ ቤቱ ይምታታባቸዋል፤ መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነው። ማሳው ላይ ግን የሚያወጡት ፈር አይዛነፍም፤ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚቋጥር እየተቆጡ ያስተምሩኛል። ይህን ነው በሲሚንቶ ልትደፍንባቸው ያሰብከው?

ደላላ አትላክ፤ ራስህ ና። ስትመጣ መጀመሪያ ቤት እንዳትገባ። ሻንጣህን አጥሩ ስር ጣልና፣ ዶማ አንስተህ አጠገባቸው ቆፍር። እዚያ ከሆነ አትጠፋቸውም።

ተናድዳም የምትናፍቅህ፣
እህትህ