በሦስት ቀለም የተሠመረ ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጠዋቱ 12፡40

ማስመሪያው ተንሸራተተ፤ የሐሙስ ሣጥን ጠመመ። ይሁን። ደብተሬ፣ ሰባቱም ቀን ተሠምሮልሻል። ጫልቱ እንዳሳየችኝ ነው ያደረግሁት። ጫልቱ የባዮሎጂ መምህርት፣ በእረፍት ሰዓት አጠገቤ የምትቀመጠው። ነጥብ ማለት የሚሠራ፣ ኤክስ ማለት ያለቀ፣ ቀስት ማለት ለሌላ ቀን የተላለፈ። አረንጓዴ ለት/ቤት፣ ቀይ ለቤት፣ ሰማያዊ ለእማዬ። ዳሩ ላይ የስንዴ ዛላ ሣልኩ። ዛላው ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቁርስ የለም።

አረንጓዴው በዛ። የአራት ክፍል የኬሚስትሪ ፈተና ማረም። የፈተና ፕሮግራም ማውጣት፤ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ነኝና። ቅዳሜ ሥልጠና። ሰማያዊ አንድ ብቻ፦ ረቡዕ እማዬን ዐይን ሐኪም ማሳየት። እሷ ጎባ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከሮቤ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ቅርብ መሆኑ ነው የሚያዘናጋኝ።

ማክሰኞ። ከቀኑ 10፡15

ደክሞኛል። ያረምኩት አንድ ክፍል ብቻ።

ር/መምህሩ ጠሩኝ። ነገ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ተጠሪ የሆነ አይቀርም። ቀጠሮ አለኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሺ ብሎ ተዘጋ።

ለእማዬ ደወልኩ። ምንም አይደል፣ ዐይኔ የትም አይሄድ አለች። ሳቀች። ሰማያዊ ቀስት ሣልኩ፣ ወደሚቀጥለው ሳምንት። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያለፈው ሳምንትም ቀስት። ከዚያ በፊት ያለውም። ጫልቱ ገጹን በጣም ወደደችው፤ ፎቶ አንሥታ ለሌሎቹ መምህራን አሳየች።

ረቡዕ። ከቀኑ 9፡00

እንግዶቹ እስከ ረፋዱ 5 አልመጡም። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስብሰባው መሀል ስልኬ ጠራ። አዴ ዘሃራ ናቸው፣ የእማዬ ጎረቤት። ወጥቼ አነሣሁ።

"ሂን ያዳዊን፣ አትጨነቂ ልጄ፣ እኔ ጋ ናት" ብለው ጀመሩ። ምን ሆነች? አልኩ።

እማዬ ጠዋት ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄዳለች። የበሩን ቁጥር ማየት አልቻለችም፤ መጠየቅ አፈረች። ሰው ተሰብስቦ ያየችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለካ የጥርስ ክፍል ነው። እስከ ምሳ ጠብቃ ተመለሰች። ስትመለስ ደግሞ የራሷን በር አልፋ አዴ ዘሃራ ግቢ ገባች። የእሳቸውን በር በራሷ ቁልፍ ልትከፍት ስትታገል አገኟት።

ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም።

ሐሙስ። ከምሽቱ 1፡00

አላስፈቀድኩም። ክፍሌን ያዥልኝ ብዬ ለጫልቱ መልእክት ላክሁና በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። የዐይን ግፊት ነው አለች። የግራው ዐይን ያጣው አይመለስም። የቀኙን ማትረፍ ይቻላል፤ ጠብታ ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። መቼ ጀመረዎት ብላ ጠየቀቻት። እማዬ መሬት መሬት አየች። ከፋሲካ ወዲህ።

ከፋሲካ!

ስንወጣ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "ስደውልልሽ ሁሌ እየሮጥሽ ነው። ትንፋሽሽ ይሰማኛል። እስክትረጋጊ ብዬ ነው።"

 ክንዷን ያዝኩ። ቀጥናለች።

ዓርብ። ከቀኑ 7፡30

ር/መምህሩ አልተቆጡም፤ ያ ይብሳል። ማሳወቅ ነበረብሽ አሉ። ልክ ናቸው። ገጹ ላይ አረንጓዴው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ጠረጴዛዬ ላይ የአንዱ ክፍል ፈተና ታርሞ አገኘሁ፤ ጫልቱ ናት፣ የመልስ ቁልፉን ይዛ፣ ሳልጠይቃት። ሻይ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በጠራራ ፀሐይ።

ደወልኩ። ጠብታውን ማን እያደረገልሽ ነው? ራሴ አለች። አዴ ዘሃራ ስልኩን ተቀበሏት፦ አብዛኛው ጉንጯ ላይ ነው የሚፈሰው አሉ።

ቅዳሜ። ከምሽቱ 12፡30፣ ጎባ

ሥልጠናው ላይ ተቀመጥኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ በቀጥታ እዚህ። ሮቤ ነይ፣ እኔ ጋ ኑሪ አልኳት። እምቢ። ቤተ ክርስቲያኗን፣ አዴ ዘሃራን ጥላ የት ትሄዳለች? ድምፃችን ከፍ አለ። በመጨረሻ ቀስ ብላ፦ "ይህን ቤት በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። የአንቺን ቤት ግን አላውቀውም" አለች።



እሑድ። ከምሽቱ 1፡40፣ ጎባ

የሚቀጥለውን ሳምንት አሠመርኩ። ቀለሞቹ ሮቤ ቀርተዋል፤ በተራ እስክሪብቶ። ሥዕል የለም። ሣጥኖቹ ውስጥ ሁሉ አልገባ ሲለኝ የቱ እንደሚወጣ ገባኝ።

ወስኛለሁ። ተጠሪነቱን ነገ እመልሳለሁ፤ ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፣ ተጽፏል። የሮቤውን ቤት በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ከዚህ እየተመላለስኩ አስተምራለሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። ትደሰታለች ብዬ ነበር። የጠዋቱን ብርድ አትችይውም አለች። ከዚያ፣ ትልቁን ጋቢ ከሣጥን አውጪው አለች። ጋቢው አሁን እግሬ ላይ ነው።

ጠብታውን አደረግሁላት። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛው ገባ። ዐይኗን ጨፍና እንደተንጋለለች፣ ደክሞሻል አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ገና ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ተኚ እያለችኝ ነው። ያልታረሙት ሁለት ክፍሎች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። መብራቱን አጥፊው አለች እንደገና። እሺ እማዬ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ