እቴቴ የመረጠችው ሌንስ

አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ
ኅዳር 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ወንድሜ ውብሸት፣

ነገሩ የተበላሸው ነሐሴ ዐሥር ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ከጋሼ ሙነወር ተውሼ ያመጣሁትን ሌንስ ከካሜራው ፈትቼ ወደ ቦርሳው ስመልሰው ነው። እጄ እምቢ እያለኝ መለስኩት። በምትኩ አንተ የላክኸውን ረጅሙን ሌንስ ገጠምኩ።

ከዚህ በላይ ከማንበብህ በፊት ጠሀን ጥራው። የሰፈራችን ልጅ ነውና አጠገብህ ይቀመጥ። እዚህ ብትሆን ኖሮ ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው መጥተው ነበር የሚነግሩህ፤ እዚያ ጀርመን አገር ያለህ ሰው እሱ ብቻ ነው። መጣ? እንግዲህ ስማኝ። እናታችን አርፋለች። ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ እጇን ይዤ። የተቀበረችው ራጉኤል ነው።

በመስከረምና በጥቅምት «እቴቴ ደህና ናት፣ ትስምሃለች» ብዬ የጻፍኩልህ ሁሉ ውሸት ነው። አጎታችን ጋሼ ወልደሚካኤል ናቸው «ፈተናውን ይጨርስ፣ ልጁን አትግደይው» ብለው ያስጻፉኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያንተ ደብዳቤ ደረሰ። «እቴቴን በላክሁልሽ ሌንስ ያነሳሻትን ፎቶ ላኪልኝ» ትላለህ። አጎታችን አንብበው፣ «አንድ የድሮ ፎቶ ፈልጊና ላኪለት፣ ምን ያውቃል» አሉኝ። የድሮ ፎቶ የለንም። አውሮፕላን ማረፊያ አንተን ስንሸኝ የተነሳነው ብቻ አለ፤ እሱ ላይም ፊቷን በነጠላ ሸፍና እያለቀሰች ነው።

እስቲ በግንቦት የጻፍኩልህን አስታውስ። ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለው በጋሼ ሙነወር ፎቶ ቤት ሁለት ዓመት ፊልም ሳጥብ ከቆየሁ በኋላ፣ ሌንስ የሌለው አሮጌ ካሜራ ሰጡኝ። «የራስሽን ሌንስ ስታመጪ ሰው ታነሻለሽ» አሉኝ። የመጀመሪያ ሌንሴ ስለሆነ እንዳልሳሳት ሁለት ወር ሙሉ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ቤታችንን እንኳ በእርምጃ ለካሁ። በሌንስ አፍ ዙሪያ የሚቀረጹ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው በሚሊሜትር ነው፤ ሲያድግ ሩቁን ያቀርባል፣ ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው ቦታ ይጠባል። ሌላው የሌንሱ ዓይን ምን ያህል እንደሚከፈት የሚናገር ነው፤ እሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዓይኑ ይሰፋል፣ ብርሃን በብዛት ያስገባል። ቤታችን ጠባብና ጨለማ ነው። እቴቴ ከአልጋ አትወርድም፤ ፍላሽ ደግሞ ዓይኗን ያማታል። ስለዚህ ሃምሳ፣ በአንድ ነጥብ ስምንት ላክልኝ ብዬ ጻፍኩልህ። በቀይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ለእቴቴ ስነግራት ወዲያው ነው የገባት። «እንደ ፈትል ነዋ» አለች። «ያልለመደ ወፍራሙን ያነሳል፣ የሚያውቅ ቀጭኑን።» ሠላሳ ዓመት ሸማ ተራ ነጠላ የሸጠች ሴት ምን ይጠፋታል።

አንተ የምሕንድስና ተማሪው ግን፣ «ሃምሳ ትንሽ ነው። መቶ ሠላሳ አምስት፣ በአራት፣ ልኬልሻለሁ፤ ሁለቱም ካልሽው ይበልጣል። ሻጩም ያደነቀው ትልቁን ነው። ስለ ቁጥሩ አትጨነቂ፣ እሱን ለእኔ ተይው» ብለህ መለስክ።

ስለ ቁጥሩ አትጨነቂ። በማትሪክ በሒሳብ የበለጥኩህ እኔ ነኝ። የውጭ አገሩ ዕድል ሲመጣ ጋሼ ወልደሚካኤል «ሴት ልጅ ባሕር አትሻገርም» ሲሉ፣ አንተ አጠገባቸው ተቀምጠህ ጫማህን ታይ ነበር። እሱን ይቅር ብዬህ ነበር። ወይም ያልኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የጋሼ ሙነወርን ሃምሳ ገጥሜ አልጋው አጠገብ ሆኜ አነጣጠርኩ። ፊቷ፣ እጇ፣ እንዝርቷ፣ ሁሉም ካሜራው ውስጥ ገብቶ ጥርት ብሎ ታየኝ።

«የማን ነው?» አለችኝ።

«የጋሼ ሙነወር።»

«ልጄ የላከውስ?»

«እሱ ለዚህ ቤት አይሆንም፣ እቴቴ። ነግሬሽ የለ?»

«ነግረሽኛል። ወፍራሙ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄ በላከው አንሺኝ።»

ከበርበሬ በረንዳ ሲመለሱ ሊጠይቋት የገቡት ጎረቤታችን እትዬ ረሂማ የገጠምኩትን ረጅም ሌንስ አይተው፣ «ይሄ መትረየስ ነው እንጂ ምኑ ካሜራ ነው? ሴትዮዋ ላይ ልትተኩሺባቸው ነው?» ሲሉ እቴቴ ሳል እስኪያፍናት ድረስ ሳቀች። በዚያ ሌንስ እጇን ከፊቷ ጋር ለማግባት ክፍሉ አልበቃኝም። የካሜራውን ማቆሚያ ደፉ ላይ ተክዬ እኔ ከበር ውጭ ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ፤ በበሩ የምትገባዋን ጥቂት ብርሃን የከለልኩትም እኔው ነኝ። ሌንሱ ዓይኑን እስከ መጨረሻው ቢከፍት እንኳ የሃምሳውን አንድ አምስተኛ ያህል ብርሃን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ፊልሙን ግማሽ ሴኮንድ ሙሉ ለብርሃን ከፍቼ ማቆየት ነበረብኝ። «አትተንፍሺ» አልኳት። ደረቷን የሚያማትን ሴት፣ አትተንፍሺ አልኳት።

ፊልሙን ሳጥበው የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ካሜራው አልተነቃነቀም ማለት ነው። የእቴቴ ፊት ግን ጉም ነው። ትተነፍስ ነበራ። በሳምንቱ ልድገመው ስል ፊቷ አብጦ ነበርና «አሁንስ አልነሳም» አለችኝ።

በለቅሶው ሴቶቹ ፎቶዋን ቢጠይቁኝ ያንኑ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ወልደሚካኤል ከእጄ ነጥቀው «ምንድን ነው ይሄ? ሰው ይስቃል» አሉና ኪሳቸው ከተቱት። ነጠላዋን ዘርግተን አለቀስን። የሸማ ተራ ሰው ሁሉ ነጠላዋን እያየ ሸኛት።

ሌንሱ መጥፎ አይደለም፤ የተሠራው ሩቅ ለሆነ ነገር ነው። ስታዲየም ኳስ ጨዋታ ለሚያነሳ ሰው ሰጥቼ በሃምሳ ሚሊሜትር ሌንስ ለወጥኩት። አላስፈቀድኩህም። አሁን በፎቶ ቤቱ ሰው የማነሳው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ደንበኛ «ልጅቷ ናት የምታነሳኝ?» ሲል ጋሼ ሙነወር፣ «ካልተስማማህ ከታች ሌላ ፎቶ ቤት አለልህ፣ እሷ ግን ቆንጆ አድርጋ ታነሳህ ነበር» ይሉታል።

አንተ ገደልካት አላልኩም፤ እንዲያ ብለህ እንዳትጨነቅ። ሌንሱ የደረሰ ዕለት ትራሷ ሥር አድርጋው ነው ያደረችው። ካርቶኑን እንኳ አላስጣለችኝም። ባዶ ጣሳ ብትልክ ኖሮ በጣሳው አንሺኝ ትለኝ ነበር። ያጠብኳት እኔ፣ ያጎረስኳት እኔ፣ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የጠራችው ግን አንተን ነው። ይህንንም ልደብቅህ አስቤ ነበር።

ፎቶውን ከፊልሙ እንደገና አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ፊቷን አትፈልግ። እጇን እይ፤ ጭኗ ላይ ስላረፈ ጥርት ብሏል። እንዝርቱ ላይ ያለው ፈትል ላንተ ጋቢ ነበር። የጎደለውን እኔ ፈትዬ ሸማ ተራ አሠርቼዋለሁ፣ በፖስታ ቤት ይደርስሃል። የእኔ ፈትል ወፍራም ነው፤ የቱ ጋ እንደምጀምር ስትዳብሰው ታውቀዋለህ።

ነፍሷን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፣ አንተንም ያጽናህ። ጠሀ እስከ ነገ ከአንተ ጋር ይደር፤ እህል ሳትቀምስ አትዋል።

ከእንግዲህ ግን በእቴቴ ስም ውሸት አልጽፍልህም፤ አጎታችን ቢቆጡም፣ ከቤት ቢያስወጡኝም። ሃምሳ ያልኩ እንደሆነ ሃምሳ ነው። የጠየቅሁትን ትቶ ይበልጣል ያለውን የሚልክልኝን፣ ደስ ብሎኛል በይ የሚለኝንም ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም። አንተ ስትሆን ደግሞ ከማንም ይልቅ አልቀበልም።

እህትህ ሸዋገነት